ድርቆሽ በእስር ሳይሆን በኪሎ ይሸጥ

ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ባሉት ሳምንታት በሰሜን ሸዋ ደጋማ ወረዳዎች የሳር አጨዳ ይጧጧፋል። በአንጎለላና ጠራ፣ በባሶና ወራናና በአካባቢያቸው ክረምቱን ሙሉ ከብት እንዳይገባበት ተከልሎ የቆየው ሳር ይታጨዳል፤ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ይገለበጣል፤ ይሰበሰባል። ከዚያም ገሚሱ ለቤት ከብት ይከመራል፤ ገሚሱ ደግሞ በሳጥን ወይም በማሽን እየተጠቀጠቀ ይታሰራል። የሚታሰረው በአብዛኛው ለገበያ ነው። ገዢዎቹ የደብረ ብርሃን፣ የሸኖና የአዲስ አበባ ወተት አምራቾች፣ ከብት አድላቢዎችና በመሀል ያሉ ነጋዴዎች ናቸው።

ዋጋው የሚነገረው በእስር ነው። ገበያው «ቤል» የሚለውም ይህንኑ ነው። «እስሩ ስንት ነው?» ይባላል፤ ክርክር ይደረጋል፤ ዋጋ ይቆረጣል፤ ተቆጥሮ ይጫናል። አንዱ እስር ስንት ኪሎ እንደሚመዝን የሚጠይቅ ሰው ግን እምብዛም አይገኝም። ሻጩም ሆነ ገዢው በልባቸው የያዙት ቁጥር አለ። አንዱ 15 ኪሎ ይላል፤ ሌላው 18፤ ሦስተኛው ደግሞ 20 ይሞላል ብሎ ያምናል። ሚዛን ላይ ሲወጣ 12 ኪሎ የሆነም፣ 18 ኪሎ የሆነም እስር በአንድ ዋጋ፣ በአንድ መኪና ተጭኖ ይሄዳል።

ልዩነቱ ለዓይን ትንሽ ስለሚመስል ብዙዎቻችን እንንቀዋለን። ሒሳቡን ግን እስኪ አብረን እንሥራው። የድርቆሽ ዋጋ ከቦታ ቦታና ከወር ወር ስለሚለያይ ለስሌት እንዲቀል አንድ እስር 210 ብር ነው፣ ክብደቱም 15 ኪሎ ነው ተብሎ ይታሰባል እንበል። ኪሎው 14 ብር መጣ ማለት ነው።

ሁለት የተዳቀሉ ላሞች ያሏት አንዲት የከተማ ወተት አምራች በጥቅምት መጨረሻ 300 እስር ገዛች እንበል። 63,000 ብር ከፈለች። በቀን አንድ እስር ለሁለት ላም፣ ማለትም ለአንዷ ላም 7 ኪሎ ተኩል ድርቆሽ ከፉርሽካና ከፋጉሎ ጋር እያቀረበች ከኅዳር 1 እስከ ነሐሴ 30 ድረስ 300 ቀን ልትዘልቅበት አስባለች። የገዛችው እስር ግን በአማካይ የሚመዝነው 12 ኪሎ ተኩል ነው። ስለዚህ 4,500 ኪሎ ገዛሁ ያለችው 3,750 ኪሎ ነው። የጎደለው 750 ኪሎ በ14 ብር ሲሰላ 10,500 ብር ይሆናል። ኪሎውን የገዛችውም በ14 ብር ሳይሆን በ16 ብር ከ80 ሳንቲም ነው።

ይህቺ ሴት ላሞቿን በኪሎ እየመዘነች የምታበላ ከሆነ ድርቆሹ ሐምሌ 10 ላይ ያልቅባታል። ሐምሌ 10 ደግሞ ደረቅ ሳር የትም የማይታጨድበት፣ የተከማቸው ዋጋ የሚወደድበት፣ መንገዱም የሚጨቀይበት ጊዜ ነው። በዚያን ጊዜ የጎደለውን 750 ኪሎ በኪሎ 20 ብር ብትገዛው 15,000 ብር ይጠይቃታል። ኪሳራው በጥቅምት ተጀምሮ የሚከፈለው በሐምሌ በመሆኑ ከእስሩ ክብደት ጋር የሚያያይዘው ሰው አይገኝም። «ዘንድሮ ድርቆሽ ቶሎ አለቀብኝ» ተብሎ ይታለፋል።

በእስር ቆጥራ የምታበላ ከሆነ ደግሞ የሚደርሰው ጉዳት ከዚህም የበለጠ የተደበቀ ነው። እያንዳንዷ ላም በቀን 7 ኪሎ ተኩል የበላች እየመሰላት የምትሰጣት 6 ኪሎ ከሩብ ነው። የምትቀነሰው 1 ኪሎ ከሩብ ድርቆሽ በሚሰጠው ኃይል ሲሰላ ከአንድ ሊትር ወተት ያላነሰ ነው። ላሟ ለተወሰነ ጊዜ ከገላዋ እያወጣች ታካክሰዋለች፤ ከዚያ ትከሳለች፤ ወተቷ ይቀንሳል፤ ኮርማ የምትፈልግበት ጊዜም ይዘገያል። ባለቤቷ ዝርያውን ትጠረጥራለች፤ የእንስሳት ሐኪም ትጠራለች፤ የትል መድኃኒት ትገዛለች። የእንስሳት ባለሙያውም ቢሆን «በቀን ስንት ታበያታለሽ?» ብሎ ሲጠይቅ «ግማሽ እስር» የሚል መልስ ካገኘ የሚመክረው ምክር በግምት ላይ የቆመ ነው።

እስካሁን ያነሣነው የገዢውን ነው። በአጨዳው ማሳ ላይ ያለው አርሶ አደርስ? አንዳንዱ ሰው እስር ሲቀልል ገበሬው ተጠቀመ ብሎ ይደመድማል። ሁልጊዜ እንደዚያ አይደለም። ሳሩን በሚገባ አድርቆ፣ ሳጥኑ ውስጥ ቆሞ እየረገጠ ጠቅጥቆ 18 ኪሎ የሚያስር አርሶ አደር አለ። እሱም የሚሸጠው በዚያው በ210 ብር ነው። ኪሎው 11 ብር ከ67 ሳንቲም ገደማ ሆነበት ማለት ነው። 200 እስር ቢሸጥ ገበያው ከሚያስበው 15 ኪሎ በላይ 600 ኪሎ ድርቆሽ በነፃ ጨምሮ ሰጠ፤ በብር 8,400። ይህ ገንዘብ ለአንድ አርሶ አደር ቤተሰብ ትንሽ አይደለም። ከሁሉም የሚያሳዝነው ደግሞ የተቀጣው በትጋቱ መሆኑ ነው።

ታዲያ ማን ተጠቀመ? ከባዱን ገዝቶ ቀላሉን የሚሸጥ ሰው ነው። አንድ ነጋዴ 18 ኪሎ የሚመዝን 100 እስር በ21,000 ብር ይገዛል እንበል። ያለው 1,800 ኪሎ ነው። ፈትቶ በ12 ኪሎ ተኩል ቢያስረው 144 እስር ይወጣዋል። በዚያው 210 ብር ሲሸጠው 30,240 ብር ያገኛል። የገመድና የጉልበት ወጪ ሳይቀነስ 9,240 ብር ከመፍታትና ከማሰር ብቻ ተገኘ፤ አንድ ዘለላ ሳር አልጨመረም። ነጋዴ ሁሉ እንዲህ ያደርጋል እያልሁ አይደለም። መለኪያው እስር እስከሆነ ድረስ ግን እንዳያደርግ የሚከለክለው ከሕሊናው በቀር ሌላ ነገር የለም።

የእስር ክብደት የሚለያየው በተንኮል ብቻ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። በማሽን የሚታሰረው ድርቆሽ ስፋቱና ቁመቱ አንድ ዓይነት ስለሆነ እኩል ይመስላል። ውስጡ ግን በብዙ ምክንያት ይለያያል፦ የማሽኑ ማጥበቂያ ምን ያህል ጠብቋል፣ ትራክተሩ በምን ፍጥነት ሄደ፣ የተሰበሰበው የሳር ረድፍ ወፍራም ነው ወይስ ስስ፣ ሳሩ ቅጠል የበዛበት ነው ወይስ አገዳ። ጠዋት ጤዛው ሳይነሣ የታሰረውና ከሰዓት በኋላ ደርቆ የታሰረው ከአንድ ማሳ ወጥተው እኩል አይመዝኑም። በእንጨት ሳጥን ሲታሰር ደግሞ ሳጥኑን የሠራው አናጺ ልኩን የወሰደው ከጎረቤት በዓይኑ አይቶ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ለአነስተኛ ወተት አምራቾች የሚመከር ሳጥን አለ፤ ርዝመቱ 85፣ ስፋቱ 55፣ ጥልቀቱ 45 ሳንቲ ሜትር ሲሆን በደንብ ከተጠቀጠቀ 20 ኪሎ ገደማ የሚመዝን እስር ያወጣል። እኛ ዘንድ የሚታየው ሳጥን ግን በየመንደሩ የተለያየ ነው። «በደንብ መጠቅጠቅ» የሚለው ራሱ በጠቅጣቂው ጉልበትና በሰዓቱ ይወሰናል፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የታሰረውና ሠራተኛው ደክሞት አሥር ሰዓት ላይ የታሰረው አንድ አይሆንም።

ከዚህ ላይ የክፍያው ሁኔታ ይጨመራል። አሳሪዎች በየቦታው የሚከፈላቸው በእስር ቁጥር ነው፤ ማሽን የሚያከራዩት ማኅበራትም እንዲሁ። 3,000 ኪሎ ሳር በ15 ኪሎ ቢታሰር 200 እስር ነው፤ በ12 ኪሎ ቢታሰር 250 ይሆናል። ለአንዱ እስር 20 ብር የሚከፈል ከሆነ በመጀመሪያው 4,000፣ በሁለተኛው 5,000 ብር ይከፈላል። ባለ ሳሩ ለዚያው ሳር 1,000 ብር ተጨማሪና የ50 እስር ገመድ ያወጣል። ሠራተኛው አላጠፋም፤ ቁጥር ከከፈልነው ቁጥር ያመርታል። በኩንታል ቢከፈለው ኖሮ ጠብቆ የታሰረ እስር ለእሱም ይጠቅመው ነበር፤ የሚያነሣው፣ የሚቋጥረውና የሚደረድረው ያነሰ ይሆናልና።

ጭነቱም ቢሆን ሒሳብ አለው። ድርቆሽ መኪና ላይ ሲጫን ቀድሞ የሚሞላው ቦታው እንጂ የመኪናው የመሸከም አቅም አይደለም። 200 እስር የጫነ አይሱዙ ለጉዞው 8,000 ብር ቢጠይቅ፣ እስሩ 15 ኪሎ ከሆነ የአንዱ ኪሎ ማጓጓዣ 2 ብር ከ67 ሳንቲም ይሆናል፤ 12 ኪሎ ተኩል ከሆነ 3 ብር ከ20 ሳንቲም። በልል የታሰረ ድርቆሽ አየር ጭኖ እንደመሄድ ነው፤ ለአየሩም ይከፈላል።

እነዚህ ሁሉ ተደማምረው ገበያውን ምን እንደሚያደርጉት ማስተዋል ይገባል። ገዢው አንዴ፣ ሁለቴ ከተጎዳ በኋላ ሁሉንም እስር እንደ ቀላሉ ይቆጥረዋል። «ምን እንደሚመዝን አላውቅም» ብሎ ዋጋ ሲሰጥ ለ12 ኪሎው የሚሆን ዋጋ ነው የሚሰጠው። ያን ጊዜ 18 ኪሎ የሚያስረው አርሶ አደር ሁለት ምርጫ አለው፤ በኪሳራ መሸጥ ወይም እሱም እንደ ሌሎቹ ማላላት። ብዙዎች ሁለተኛውን ይመርጣሉ፤ ሊፈረድባቸውም አይገባም። እንዲህ እየሆነ እስር በየዓመቱ እየቀለለ ይሄዳል፤ ዋጋው ግን ወደ ታች አይወርድም።

ለእህል ይህንን ችግር አልፈነዋል። በቁና ሲሸጥ የቁናው ልክ ከገበያ ገበያ ይለያይ እንደነበር፣ ሙላት ይጨመር አይጨመር የሚለው ክርክር ስንት ጠብ እንዳስነሣ ትልልቆቹ ያስታውሳሉ። ዛሬ ጤፍም ስንዴም በብዛት ሲሸጥ በኪሎና በኩንታል ነው። ሰሊጥና ቡና የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም ግብይት ከጀመረ ወዲህ በክብደትና በደረጃ ይገበያያሉ። ድርቆሽ ግን «ሳር ነው» ተብሎ ተተወ። (ስለ ጭድ ካነሣን ደግሞ ጨዋታው በጆንያና በሸክም ስለሆነ ከዚህም ይብሳል፤ ለብቻው ሊጻፍበት የሚገባ ነው።) ሳር ነው የተባለው ነገር በወተት ላም ቤት ውስጥ ከትልልቆቹ ወጪዎች አንዱ ነው። የሌማት ትሩፋት በኅዳር 2015 ዓ.ም ይፋ ከሆነ ወዲህ በየወረዳው የተዳቀሉ ላሞችን የሚያረቡ ማኅበራትና ግለሰቦች እንዲበረክቱ እየተሠራ ነው። የላሙን ቁጥር ስንጨምር የመኖውን መለኪያ በግምት መተው አያዋጣም።

በኪሎ ይሸጥ ሲባል ከሚነሡት ተቃውሞዎች ዋናው «ልምድ ያለው ሰው አይቶ ያውቀዋል» የሚለው ነው። ዓይን የሚያየው የእስሩን ግዝፈት ነው፤ የውስጡን ጥቅጥቅነት አያይም። አንዱን በእጅ አንሥቶ መገመት ይቻል ይሆናል፤ 300 እስር አንሥቶ 2 ኪሎ ተኩል ልዩነትን መለየት ግን ማንም አይችልም።

ሌላው ጊዜ ይፈጃል የሚለው ነው። ሁሉንም መመዘን አያስፈልግም። ከአንድ መኪና ጭነት ላይ ከፊትም፣ ከኋላም፣ ከላይም፣ ከሥርም እያደረጉ 10 እስር መርጦ መመዘን ጥሩ ግምት ይሰጣል። መራጩ ሻጩ ሳይሆን ገዢው ይሁን፤ ወይም አምስቱን አንዱ፣ አምስቱን ሌላው ይምረጥ። 10ሩ እስር በድምሩ 134 ኪሎ ቢመዝን አማካዩ 13 ነጥብ 4 ኪሎ ነው። 200 እስር ከሆነ 2,680 ኪሎ፣ በ14 ብር ሲሰላ 37,520 ብር ይሆናል። በእስር ቢቆጠር ኖሮ 42,000 ብር ይከፈል ነበር። በዚህች የሩብ ሰዓት ሥራ 4,480 ብር ወደ ትክክለኛው ኪስ ሄደ። አማካዩ 17 ቢመጣ ደግሞ ሻጩ ተጨማሪውን በመብቱ ይቀበላል።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ የእርጥበቱ ጉዳይ ነው፤ ይህ እውነት ስለሆነ በቀላሉ ሊታለፍ አይገባም። በኪሎ መሸጥ ከተጀመረ ውኃም ይመዝናል። 25 በመቶ እርጥበት የያዘ 20 ኪሎ እስር ውስጥ ያለው ደረቅ መኖ 15 ኪሎ ነው። 14 በመቶ እርጥበት ያለው 17 ኪሎ ተኩል እስርም የያዘው ያንኑ 15 ኪሎ ነው። በኪሎ 14 ብር የገዛ ሰው ለመጀመሪያው 280፣ ለሁለተኛው 245 ብር ከፈለ፤ 35 ብሩ የውኃ ነው። በዚያ ላይ ከ20 በመቶ በላይ እርጥበት ይዞ የታሰረ ድርቆሽ ውስጥ ውስጡን ይሞቃል፤ ይሻግታል። የሻገተውን ከብት ይጠየፈዋል፤ ከበላውም ሊታመምበት ይችላል። በእኛ ደጋ ደግሞ በጥቅምትና በኅዳር ጤዛውና ውርጩ እስከ ረፋዱ ስለሚቆይ በችኮላ የሚታሰር እርጥብ ሳር እንግዳ ነገር አይደለም።

ስለዚህ ሚዛኑ ከድርቀት ምርመራ ጋር መሄድ አለበት። ይህም መሣሪያ የሚጠይቅ አይደለም። እጅን በእስሩ መሀል አስገብቶ ሙቀት ካለ መዳሰስ፣ ማሽተት፣ አገዳውን ጠምዝዞ መሰበር አለመሰበሩን ማየት አርሶ አደሩ የሚያውቀው ነው። ከዚህ የተሻለ የሚፈልግ ሰው በጨው ሊሞክረው ይችላል። ከእስሩ መሀል የተወሰደ እፍኝ ድርቆሽ በአጭር በአጭሩ ተቆርጦ ክዳን ባለው ደረቅ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ይገባል፤ ጥቂት ደረቅና ደቃቅ ጨው ይጨመርበትና ለአንድ ደቂቃ ያህል ይናጣል። ጨው እርስ በርሱ ከተያያዘና ከጎደጎደ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው፤ እንደነበረ ከተበተነ ደርቋል። እርጥብ ሆኖ የተገኘውን ገዢው ይመልስ ወይም ዋጋ ይቀንስ። ድርቆሽ መጋዘን ውስጥ ሲቆይም እየደረቀ ክብደቱ ስለሚቀንስ በኅዳር የተመዘነ ክብደት በመጋቢት ሲሸጥ አያገለግልም፤ የሚመዘነው በሚሸጥበት ቀን ነው።

ክብደት ጥራትን አይነግረንም የሚሉም አሉ፤ ልክ ናቸው። ዘሩ ረግፎ አገዳው ከደረቀ በኋላ የታጨደ ሳር 18 ኪሎ ቢመዝን፣ በአበባው ወቅት ታጭዶ ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ የደረቀ 13 ኪሎ ድርቆሽ ይበልጠዋል። ታዲያ የጥራቱ ክርክር በኪሎው ዋጋ ላይ ይደረግ፤ ጥሩው በ16፣ ተራው በ12 ብር ይሸጥ። አሁን ግን ክብደቱም ጥራቱም «እስር» በሚባል አንድ ቃል ውስጥ ተደባልቀው ሻጩም ገዢው ስለየቱ እንደሚከራከሩ አያውቁም።

እስር ሁሉ ከባድ ይሁን ማለቴም አይደለም። ድርቆሹን የሚያነሡትና ለከብቱ የሚያቀርቡት ብዙውን ጊዜ ሴቶችና ልጆች ናቸው፤ ለእነሱ 12 ኪሎው ይሻላቸዋል። ቀላል እስር ክፋት የለውም፤ ክፋቱ የ15 ኪሎ ዋጋ ሲከፈልበት ነው።

አሁን ወደ ወረዳ አመራሮቻችን ልመለስ። ከእናንተ የሚጠበቀው የዋጋ ተመን አይደለም። ዋጋውን ሻጭና ገዢ ይጨርሱት። የንግድ ጽሕፈት ቤቶች በስኳር፣ በዘይትና በእህል መሸጫዎች ሚዛን ይፈትሻሉ፤ ድርቆሽ ተራ ላይ ግን የሚፈተሽ ሚዛን ራሱ የለም። በየድርቆሽ መሸጫው ቦታ እስከ 50 ኪሎ የሚመዝን አንድ ተንጠልጣይ ሚዛን ከእንጨት ላይ ሰቅሎ፣ አረጋግጦና ማኅተም አድርጎ ለአንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም ለተደራጁ ወጣቶች በኃላፊነት መስጠት ይቻላል። ለአንድ ጭነት ምርመራ ትንሽ የአገልግሎት ክፍያ ቢቀበሉ ሚዛኑ ወጪውን ይመልሳል። የእንስሳት ጽሕፈት ቤቱ ደግሞ ለአናጺዎች አንድ የሳጥን ልክ አውጥቶ በየቀበሌው ቢያሰራጭ ልዩነቱ ከምንጩ ይቀንሳል። ማሽን በብድር የተሰጣቸው ማኅበራት ኪራያቸውን በኩንታል እንዲያስከፍሉ በውላቸው ላይ ማስገባትም የወረዳው ሥልጣን ነው።

አርሶ አደሩም ወረዳውን መጠበቅ የለበትም። 10 አባወራ አዋጥቶ አንድ ሚዛን መግዛት ይችላል። ሚዛኑ ልክ መሆኑን ለማወቅ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ሞልቶ መስቀል በቂ ነው፤ ውኃው 20 ኪሎ ነው፤ የባዶ ጀሪካኑን ክብደት መጀመሪያ በዚያው ሚዛን ለይቶ መያዝ ነው። ሲታሰር በየ50ው እስር አምስቱን እየመዘኑ በደብተር መጻፍ፣ ነጋዴው ሲመጣ ደብተሩን ማሳየት። ከባድ እስር ያለው ሰው በመጀመሪያው ዓመት ይጠቀማል፤ ገዢውም በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ እሱ ጋ ይመጣል። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር፤ በሽቦ የምታስሩ ካላችሁ ተዉት። ቁራጭ ሽቦ ከሳር ጋር የዋጠች ላም ጨጓራዋ ይበሳል፤ ያኔ የ10ሩንም የ15ቱንም ኪሎ ሒሳብ የሚሠራ አይኖርም።

መንግሥት ራሱም ድርቆሽ ገዢ ነው። የማራቢያ ማዕከላት፣ የግብርና ኮሌጆችና ማረሚያ ቤቶች በጨረታ ይገዛሉ። ድርቅ ሲመጣ ደግሞ በገፍ ይሰበሰባል፤ በ2014 እና በ2015 ዓ.ም በቦረና ከብት ሲያልቅ ከየአቅጣጫው ድርቆሽ ተጭኖ ሄዷል። እንዲህ ባለው ጊዜ ርዳታ በእስር ከተቆጠረ ስንት ከብት ስንት ቀን እንደሚያቆይ ማስላት አይቻልም። 10,000 እስር 120 ቶን ሊሆን ይችላል፤ 180 ቶንም ሊሆን ይችላል። አንድ ከብት ነፍሱን ለማቆየት በቀን 5 ኪሎ ይበቃዋል ብንል፣ በሁለቱ መካከል ያለው 60 ቶን የ400 ከብት የአንድ ወር ቀለብ ነው። ሪፖርቱ ላይ ግን ሁለቱም «10,000 እስር» ተብለው ይጻፋሉ፤ ኦዲተሩም እስሩን ቆጥሮ ትክክል ነው ይላል።

የዘንድሮው አጨዳ ከመድረሱ በፊት የየወረዳው ግዥ ክፍል የድርቆሽ ጨረታ ሰነዱን አውጥቶ ከዋጋ መሙያው ላይ «እስር» የሚለውን ሰርዞ «ኪሎ ግራም፣ እርጥበቱ ከ15 በመቶ ያልበለጠ፣ በርክክብ ዕለት የተመዘነ» ብሎ ሊጽፍበት ይችላል። የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ በጀትም አይጠይቅም።